ወደ ግራ ሲሄድ ስፌት የሚዘልለው ሎንግ አርም መኪና
ክዊልት (ተደራርቦ የሚሰፋ የጨርቅ ብርድ ልብስ) የምሰፋበትን ሎንግ አርም መኪና፣ ማለትም ጨርቁ ማዕቀፍ ላይ ተወጥሮ ራሱ በሐዲድ ላይ እየተገፋ የሚሰፋውን የስፌት መኪና፣ ከነማዕቀፉ ጋራዥ ውስጥ ከተከልኩ በኋላ አራት ቀን አባከነብኝ። ወደ ቀኝ ስገፋው ስፌቱ እኩል እኩል ይወርዳል፤ ወደ ግራ ስመልሰው ግን በየስንዝሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዘልላል።

መርፌ ቀየርኩ። የፖሊስተሩን ክር በጥጥ ክር ተካሁ፤ ባሰበት። የላይኛውን ክር ማጥበቂያ ሳላላው ደግሞ ክሩ በጨርቁ ስር ተንጨባረረ፤ ወደ ነበረበት ለመመለስ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀ። እባካችሁ፣ ማጥበቂያውን በመጨረሻ ንኩት።

ፍንጩን የሰጠኝ መኪናው ራሱ ነው፤ እጄን ሳነሳ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ተንሸራተተ። ሐዲዱ ላይ ውሃ ልክ ሳስቀምጥ አረፋው ከመሃል ወጣ። እዚህ አሜሪካ የጋራዥ ወለል ብዙውን ጊዜ ውሃ እንዲወርድ ወደ በሩ ዘመም ተደርጎ ይሠራል። የእግሮቹን ብሎን እያዞርኩ አስተካከልኩ፤ መንሸራተቱ ቆመ፣ ዝላዩ ግን ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

የቀረውን የፈታው ጨርቁን ማላላት ነው። እንደ ከበሮ ወጥሬው ነበር። ሲወጠር መርፌውን ይጎትታል፤ መርፌው ሲጎብጥ ከታች ያለው መንጠቆ የክሩን ቀለበት ይስታል። አሁን የማላላው ከስር በጣቴ ስገፋ በሌላው እጄ ከጨርቁ በላይ ጣቴን መጨበጥ እስክችል ድረስ ነው። መርፌውንም በወፍራሙ፣ በቁጥር 18 ተካሁት። ትናንት ማታ ከዳር እስከ ዳር ሰፋሁ፤ አንድም አልዘለለም።