የተቃኘ ፒያኖ ቶሎ ሲዛባ፦ መነሻቸው የቃኚው መሣሪያ የሆኑ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

ፒያኖ ተቃኝቶ ብዙም ሳይቆይ ሲዛባ አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሰው የክፍሉ እርጥበት ወይም የፒያኖው እርጅና ነው። ሁለቱም እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው፤ ነገር ግን የአየሩ ሁኔታ ሳይለወጥ መዛባቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከታየ፣ አስቀድሞ መመርመር ያለበት የቃኚው መሣሪያ ነው።

ክሩ በትክክል ተቃኝቶ ሳለ ቁልፉ በኃይል ሲመታ ድምፁ ይወርዳል

ዘመናዊ ፒያኖ 220 ያህል ክሮች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ ክር ከ70 እስከ 90 ኪሎግራም ክብደትን በሚያህል ኃይል የተወጠረ ነው። ውጥረቱን የሚይዘው የብረት ችንካር በእንጨቱ ውስጥ እጅግ ጠብቆ ስለተተከለ፣ ችንካሩን የሚያዞረው የቃኚው መፍቻ ሲዞር መጀመሪያ የሚጠመዘዘውና በትንሹ የሚታጠፈው የችንካሩ አናት ነው፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ክፍል የሚንቀሳቀሰው ከዚያ በኋላ ነው። የመፍቻው ዘንግ የሚለመጥ ከሆነ ወይም ከእጀታው ጋር የተገናኘበት ቦታ ከላላ፣ ቃኚው የችንካሩን እንቅስቃሴ ከመፍቻው መለመጥ ለይቶ ማወቅ አይችልም። ጆሮው ክሩ ቦታው እንደደረሰ ይነግረዋል፤ የችንካሩ ሥር ግን ገና አልዞረም፤ ስለዚህ የተጠመዘዘው አናት ሲመለስ ክሩም አብሮ ይላላል።

መፍትሔው ዘንጉ የማይለመጥና መጋጠሚያው የጠበቀ መፍቻ መያዝ፣ ፒያኖው እስከፈቀደ ድረስም ራሱ (በችንካሩ ላይ የሚገጥመው ጫፉ) አጭር የሆነውን መምረጥ ነው፤ እጀታው ከችንካሩ በላይ ከፍ ባለ ቁጥር ችንካሩን የማጠፍ ጉልበቱ ይጨምራልና። እጀታውን በክሩ አቅጣጫ ማስቀመጥ፣ ድምፁን ከተፈለገው በጥቂቱ አሳልፎ ቀስ ብሎ መመለስ፣ ከዚያም ቁልፉን አጥብቆ መትቶ መፈተሽ ያስፈልጋል። ሙያውን ለሚጀምር ሰው ከሁሉ በፊት ጥሩ መፍቻ እንዲገዛ አጥብቄ እመክራለሁ፤ የቀረው መሣሪያ ቀስ በቀስ ሊሟላ ይችላል፣ በሚለመጥ መፍቻ የለመደ እጅን ማረም ግን ብዙ ይደክማል።

መፍቻው በችንካሩ ላይ ይወዛወዛል

እዚህ ላይ ምክንያቱ የመጠን አለመግጠም ወይም የቀዳዳው መበላት ነው። ለአብዛኞቹ ፒያኖዎች ቁጥር 2 ራስ ይስማማል፤ የላሉ ችንካሮች በወፍራም ከተተኩ ግን ይኸው ራስ ከላይ ይቀርና እጀታውን ከፍ ያደርገዋል። ሰፊ ራስ ደግሞ እስከ ክሩ ጥምጥም ወርዶ የችንካሩን ማዕዘኖች ይበላል። ራሱን በልኩ መቀየር ይበቃል።

የአንድ ድምፅ ሦስት ክሮች አብረው ሲሰሙ አይጠሩም

ዝም ማለት የነበረበት ክር በስሱ ይሰማ ይሆናል። ሌሎቹን ክሮች ዝም ለማሰኘት በመካከላቸው የሚሰካው የጎማ ሽብልቅ ከደረቀ ወይም ከተበላ ክሩን ሙሉ በሙሉ አያፍንም፤ መተካት አለበት።

የኤሌክትሮኒክ መቃኛው ልክ ነው ይላል፣ ኦክታቮቹ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ዓይነት ርቀት) ግን ይጎረብጣሉ

የፒያኖ ክር ግትር ስለሆነ ከመሠረታዊው ድምፅ ጋር የሚወጡት ከፍተኛ ድምፆች ከስሌቱ ትንሽ ከፍ ይላሉ። ለጊታር የተሠራ መቃኛ ይህን አያውቅም፤ ስለዚህ ላይኛው ክፍል ዝቅ ያለ፣ ታችኛው ከፍ ያለ ሆኖ ይሰማል። የእያንዳንዱን ፒያኖ ክሮች ለክቶ ኦክታቮቹን የሚያሰፋ፣ ለፒያኖ የተዘጋጀ ፕሮግራም መጠቀም ይገባል። ያኔም ቢሆን ጆሮ ሥራውን መተው የለበትም፦ ከመካከለኛው ዶ በታች ያሉት ፋ እና ላ አብረው ሲመቱ ድምፃቸው በሴኮንድ 7 ጊዜ ያህል ጎላ ደከም እያለ መርገብገብ አለበት፤ ወደ ላይ በተሄደ ቁጥርም ተመሳሳዮቹ ጥንዶች ሳይዘሉ እየፈጠኑ ሊሄዱ ይገባል።

በመቃኛ ሹካ (ሲመታ አንድ ቋሚ ድምፅ በሚሰጥ ባለ ሁለት ጣት ብረት) የሚሠራ ሰው ደግሞ ሹካውን በኪሱ ወይም በእጁ አያሙቀው። ብረት ሲሞቅ ድምፁ ስለሚወርድ 440 ኸርዝ የተባለው ላ ከልኩ ያንሳል፣ ፒያኖውም ሙሉ በሙሉ በዚያው ልክ ዝቅ ብሎ ይቃኛል። ሹካውን በክፍሉ ሙቀት ማቆየትና በእግሩ ብቻ መያዝ ይበቃል።