ጥቁርና ነጭ ፊልም በኤችዲ ቴሌቪዥን፦ ምን ሲታይ ምን ይደረግ

ደሴ ላይ ትልቅ ስክሪን የገዛ ሰው አሮጌ ፊልም ሲከፍት አንድ ቅሬታ አያጣም። "በዚያ በድሮው ቴሌቪዥን ይሻል ነበር" ይላል። እውነቱን ነው። ትንሹና ደብዛዛው ስክሪን ብዙ ጉድ ይሸፍን ነበር። ሌላው ደግሞ ከሳጥን ስር ያገኘውን ጥቅል ፊልም ይዞ "ኤችዲ አድርጉልኝ" ብሎ ይመጣል።

ለሁለቱም ሥራው የሚጀምረው ጥፋቱ የት እንዳለ ከመለየት ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ነው? ፋይሉ ላይ ነው? ወይስ ፊልሙ ራሱ ላይ? እኔ ሁሌ ከሪሞቱ ጀምሬ ወደ ጥቅሉ እሄዳለሁ። በሪሞት የተበላሸ ነገር በዚያው ሪሞት ይስተካከላል። ጥቅሉ ላይ የደረሰ ጉዳት ግን አይመለስም።

መለያው ቀላል ነው። ያንኑ ፋይል ላፕቶፕ ላይ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ክፈቱት። እዚያ ደህና ከሆነ ጥፋተኛው ቴሌቪዥኑ ነው። እዚያም ካለ ምስሉን አቁሙና በአንድ በአንድ ፍሬም ወደፊት ሂዱ፤ ፍሬም ማለት ፊልሙ የተሠራበት እያንዳንዱ ነጠላ ምስል ነው። አንድ ፍሬም ላይ ታይቶ የሚጠፋ ነጥብ የፊልሙ ቆሻሻ ነው። ከላይ እስከ ታች ወርዶ ለብዙ ሰከንድ የሚቆይ መስመር ጭረት ነው። ትዕይንቱ ሲቀያየርም ቦታውን የማይለቅ ጉድፍ ግን የስካነሩ መስታወት ወይም ፊልሙን የገለበጠው ካሜራ ሌንስ ላይ ያለ ነው፤ እሱ ተጠርጎ እንደገና ስካን ይደረጋል።

ሰዎቹ የሚንሸራተቱ ይመስላሉ፣ ምስሉም ሰማያዊ ይላል

ይሄ የቴሌቪዥኑ ሥራ ነው። የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነው። ቴሌቪዥኑ በመሀል የራሱን ፍሬም እየፈጠረ ይሞላዋል። ሳምሰንግ አውቶ ሞሽን ፕላስ፣ ኤልጂ ትሩሞሽን፣ ሶኒ ሞሽንፍሎው ይሉታል። አጥፉት። ፊልምሜከር የሚል ሞድ ካለ እሱን ምረጡ፤ ከሌለ ሙቪ ወይም ሲኒማ። የቀለም ሙቀቱን ዋርም ላይ አድርጉት፤ ሱቅ ውስጥ ዓይን እንዲስብ የተደረገው ቪቪድ ሞድ ነጩን ሰማያዊ ያደርገዋል። ባለቀለም ፊልም ላይ አይታወቅም፣ ጥቁርና ነጭ ላይ ግን ወዲያው ያስታውቃል። ሻርፕነሱንም ቀንሱ።

ፊቱ ሁሉ ሰፍቷል

አሮጌ ፊልም 4 በ3 ነው፤ ስክሪናችሁ 16 በ9። ቴሌቪዥኑ ለጥጦት ነው። 1920 በ1080 በሆነ ስክሪን ላይ ትክክለኛው ምስል 1440 ነጥብ (ፒክስል) ይሰፋል፤ ግራና ቀኝ 240፣ 240 ጥቁር ይቀራል። ያ ጥቁር ቦታ ጉድለት አይደለም። "ስክሪኑን ሙሉልኝ" የሚል ደንበኛ አለ፤ ሲሞላ ወይ ጉንጭ ያብጣል፣ ወይ ዙም ሲደረግ ግንባር ይቆረጣል።

ጥቁሩ አመድ መስሏል፣ ወይም ጨለማው ውስጥ ምንም አይታይም

ቪዲዮ ጥቁሩን ከ16፣ ነጩን እስከ 235 ድረስ ይቆጥራል። ኮምፒውተር ደግሞ ከ0 እስከ 255። ላፕቶፑና ቴሌቪዥኑ በኤችዲኤምአይ ሲገናኙ ካልተስማሙ ጥቁር ኮት ወይ አመድ ይሆናል፣ ወይ ከግድግዳው ጋር ይቀላቀላል። ሁለቱንም አንድ ዓይነት፣ ሊሚትድ ወይም ፉል፣ አድርጓቸው። ይሄ ሳይጣራ ኮንትራስት መነካካት ትርፉ ድካም ነው።

ሲንቀሳቀሱ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ይወጣል፣ ወይም ይንገጫገጫል

ከቪዲዮ ካሴት ወይም ከዲቪዲ የመጣ ፋይል ነው። ያ ዘመን ምስሉን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዴ ጎዶሎ መስመሮቹን አንዴ ሙሉዎቹን ነበር የሚያሳየው። ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ሶፍትዌር ላይ ዲኮምብ የሚለውን አብሩ። ከአሜሪካ የመጣ 29.97 ፍሬም የሆነ ፊልም ከሆነ ግን መድኃኒቱ ዲቴሌሲን ነው፤ እዚያ 24ቱን ፍሬም ወደ 30 ለማድረስ የደጋገሙትን ያወጣዋል።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ለ20 ዓመት ገደማ ጥቁርና ነጭ ነበር። የእኛ ሥርዓት በሰከንድ 25 ፍሬም ነው። ስለዚህ እዚህ የተቀዳ ነገር በአንድሮይድ ቦክስ ሲከፈት የሚንገጫገጭ ከሆነ መጀመሪያ የቦክሱን ሴቲንግ እዩ። 60 ሄርዝ ላይ ከሆነ 50 አድርጉት።

ሰው ሁሉ ይሮጣል

ድምፅ የሌለው አሮጌ ፊልም በሰከንድ 16 ወይም 18 ፍሬም ተቀርጾ በ25 እየተከፈተ ነው። የ16ቱን ፍጥነት 64 በመቶ፣ የ18ቱን 72 በመቶ አድርጉት። የሰዎቹ አረማመድ ይፈርዳል፤ ሙሽራው እንደ ሰው ከተራመደ ደርሳችኋል።

ብርሃኑ ብልጭ ድርግም ይላል

ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር አሳይቶ በስልክ የቀረጸ ሰው ይሄ አይቀርለትም። የፕሮጀክተሩ መዝጊያና የስልኩ ካሜራ አይገጥሙም። ፍጥነቱ የሚስተካከል ፕሮጀክተርና ማኑዋል ካሜራ ካላችሁ፣ የካሜራውን መዝጊያ 1/50 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ ብልጭታው እስኪረጋ ፕሮጀክተሩን ቀስ እያላችሁ አስተካክሉ። ከተቻለ ግን በፍሬም በፍሬም የሚያነሳ ስካነር ይሻላል። ለ8 ሚሊሜትር ፊልም 4ኬ ስካን ብላችሁ አትክፈሉ። የአንዱ ፍሬም ስፋት 4.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ኤችዲ ይበቃዋል። ለ16 ሚሊሜትር 2ኬ፣ ለ35 ደግሞ 4ኬ ዋጋ አለው።

ፊቱ ሰም መስሏል

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የጥቁርና ነጭ ፊልም ምስል ብር ነው፤ ያው አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ብረት፣ በጣም ደቅቆ። ስክሪኑ ላይ ሲርመሰመስ የምታዩት ነጠብጣብ፣ ግሬን የሚባለው፣ ራሱ ምስሉ ነው። አጥፉት ማለት ምስሉን አጥፉት ማለት ነው። የኃይሌ ገሪማ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት" በ16 ሚሊሜትር ጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ነው። ያ ሻካራ መልክ ከሌለው የገበሬው ፊት ሌላ ፊት ይሆናል።

ፊቱ ሰም የሚመስለው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ኖይዝ ሪዳክሽን የሚባለውን ነጠብጣብ ማጥፊያ ከመጠን በላይ መጫን ነው። መጀመሪያ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን አጥፉ። ፋይሉ ላይ የተጫነ ከሆነ ግን ከዋናው ስካን እንደገና መነሳት ነው፤ የታጠበ ቆዳ አይመለስም። ሁለተኛው ፋይሉን ከልክ በላይ መጨመቅ ነው። ግሬን ብዙ ዳታ ይበላል። ፍላሽ ላይ ብዙ ፊልም ለማጨቅ ሲባል መጀመሪያ የሚሞተው እሱ ነው፤ ሰማዩም ደረጃ ደረጃ ይሆናል። ሃንድብሬክ ላይ የጥራት ቁጥሩን ወደ 18 አውርዱ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል። ቱን የሚለውን ደግሞ ግሬን ላይ አድርጉ። ፋይሉ ይተልቃል። ይተልቅ።

በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የሚያጠራ ሶፍትዌርም አሁን በየቪዲዮ ቤቱ ገብቷል። ለሕንፃና ለመንገድ አልከፋም። ፊት ላይ ግን የሌለ ቅንድብና የሌለ ጥርስ ይፈጥራል። የሰርጋቸው ፊልም እንዲህ ተሠርቶ የመጣላቸው አንዲት እናት ትንሽ አይተው "ልጄ፣ ወላሂ ይቺ እኔ አይደለሁም" አሉ። ልክ ናቸው።

ቪሲዲ ብቻ ያለው ሰውም ተስፋውን ይመጥን። ቪሲዲ 352 በ288 ነጥብ ነው። ከዚያ ኤችዲ አይወጣም። ቪሲዲው የተቀዳበትን ካሴት፣ ካሴቱ የተቀዳበትን ፊልም ፈልጉ። ወደ ምንጩ አንድ እርምጃ መቅረብ ከማንኛውም ሶፍትዌር ይበልጣል።

ጭረትና ነጥብ በዝቷል

ቀለሙን እዩ። ለእይታ በተዘጋጀው ፊልም ላይ የተቀመጠ አቧራ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ነጭ ነጥብ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ አቧራው የነበረው ኔጌቲቩ ላይ፣ ማለትም ይሄኛው በታተመበት ዋናው ፊልም ላይ ነው፤ አብሮ ታትሟል፣ ብትጠርጉት አይለቅም። ጭረትም እንዲሁ ነው። ጥቁር መስመር ብዙውን ጊዜ የጀርባው ፕላስቲክ ተጭሮ ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ፊልሙን ፈሳሽ ውስጥ እያሳለፉ ስካን ሲያደርጉት ይሰወራል። ነጭ መስመር ግን ብሩ ራሱ ተልጦ ነው። እሱ የሚሞላው ከጎኑ ካለው ፍሬም በመውሰድ፣ በሶፍትዌር ነው።

በቤት የሚደረገው ጥቂት ነው። ጥጥ ጓንት፣ ጫፉን ብቻ መያዝ፣ በእጅ በሚጨመቅ የአየር ፓምፕ መንፋት፣ ብናኝ በማይተው ለስላሳ ጨርቅ በቀስታ ማለፍ። ውሃ አይነካውም። ቤንዚን፣ ላምባ፣ ከኮሮና ጊዜ የተረፈ ሳኒታይዘር አይነካውም። ሳኒታይዘር ውስጥ ውሃና ግሊሰሪን አለ፤ ምስሉን የያዘው ጄላቲን ውሃ ሲያገኝ ያብጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። ስካነሮች ላይ አቧራን በኢንፍራሬድ የሚያጠፋ ቁልፍ አለ። ለባለቀለም ፊልም ግሩም ነው። ለጥቁርና ነጭ ግን አጥፉት። ብር ኢንፍራሬድን ስለማያሳልፍ ማሽኑ ምስሉን ቆሻሻ ነው ብሎ ይጠርገዋል። የአባትን ጢም እንደ አቧራ ሲያጠፋ አይቻለሁ።

ጣሳው ሲከፈት አቼቶ ይሸታል

አሲቴት የሚባለው ፊልም እየፈረሰ ነው። ሙቀትና እርጥበት አሲዱን ያወጣዋል፣ የወጣው አሲድ ደግሞ ሂደቱን ያፋጥነዋል። መመለሻ የለውም፣ ማዘግየት ግን ይቻላል። ከደህናዎቹ ለዩት፤ ሽታው ወደ እነሱም ይጋባል። በላስቲክ አትጠቅልሉት፣ አየር ያግኝ። ስካን የሚደረገው እሱ በመጀመሪያ ነው። ፊልሙ ስለሚያጥር ቀዳዳዎቹ ከፕሮጀክተሩ ጥርስ ጋር አይገጥሙም፤ "አንዴ ልየው" ብላችሁ ብታስገቡት ይቀደዳል።

ወሎ ውስጥ ቦታው ራሱ ይለያያል። ኮምቦልቻ ሙቀቱ አቼቶውን ያፋጥናል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ቅዝቃዜዋ ለፊልም ጥሩ ነው፤ የሐምሌና የነሐሴ ጉሟ ግን ሻጋታ ያመጣል። ሻጋታ ጄላቲን ይበላል። ነጭ ዱቄት የመሰለ ካያችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡት፣ ሲደርቅ ውጭ ወጥታችሁ፣ አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ አንሱት። ማስቀመጫው ከመሬት ከፍ ያለ፣ ዝናብ ከሚመታው ግድግዳ የራቀ፣ ከማድቤትም የተለየ ይሁን። ከ30 እስከ 50 በመቶ እርጥበት ይስማማዋል።

አሁን የማልቀልድበት ነገር። እ.ኤ.አ. እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ 35 ሚሊሜትር ፊልም በናይትሬት ይሠራ ነበር። ጣሊያን ደሴ የገባው በ1928 ዓ.ም. ነው፤ የዚያ ዘመን ጥቅል ከተገኘ ናይትሬት ነው ብላችሁ ተነሱ። ናይትሬት የራሱን ኦክስጅን ስለሚያመነጭ ውሃ ውስጥም ይነዳል። ጠርዙ ላይ ሴፍቲ የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሌለ ፕሮጀክተር ላይ አታስገቡ፣ በክብሪት አትፈትሹ፣ ፀሐይ ላይ አታስጡ። ከሰው መኖሪያ አርቃችሁ ባለሙያ አማክሩ። ባለ8 እና ባለ16 ሚሊሜትር ከሆነ አብሽሩ፣ እነሱ በናይትሬት አልተሠሩም።

ድምፁ ያጉረመርማል

የመብራታችን 50 ሄርዝ ገብቶበት ነው። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ሶፍትዌር ላይ 50ን፣ 100ን እና 150ን ቁረጡ። ሽውታውን ግን ሙሉ በሙሉ አታጥፉ፤ ሰው በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስላል።

ያልተጨመቀውን ዋናውን ስካን አትሰርዙ። በሁለት ዲስክ ይኑር፣ አንደኛው ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት። ለቴሌቪዥን የምትሠሩት ፋይል ሁሌም ከእሱ የሚቀዳ ነው።