የታወቀ ልብ ወለድን ወደ ፊልም ስትቀይሩ ተዋናይ እንዴት ትመርጣላችሁ?

ብዙ ሰው ያነበበውን ልብ ወለድ ፊልም ልታደርጉ ተነስታችኋል እንበል። ገና ካሜራ ሳታነሱ አንድ ጣጣ ይጠብቃችኋል። አንባቢው ሁሉ ፊልሙን በሐሳቡ ሠርቶ ጨርሶታል። ዋናዋ ሴት ምን እንደምትመስል ያውቃል፤ ድምጿን ሳይቀር ሰምቶታል። ማንንም ብታመጡ «ኧረ እሷ እንዲህ አይደለችም» የሚል አይጠፋም።

ስለዚህ አንባቢው የሳለውን መልክ ፍለጋ አትድከሙ፤ አይገኝም። ሊገኝ የሚችለው፣ ገጸ ባሕርይዋ የምትፈልገውን ነገር ከልቧ መፈለግ የምትችል ተዋናይ ናት። ፍለጋው በቅደም ተከተል እንዲህ ይሄዳል።

1. መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሱ

አንድም ተዋናይ ከመጥራታችሁ በፊት የመጽሐፉ መብት በእጃችሁ መሆኑን አረጋግጡ። በብዙ አገሮች የቅጂ መብት ደራሲው ከሞተ በኋላ 50 ወይም 70 ዓመት ይቆያል። መጽሐፉ የቆየ ነው ማለት ነፃ ነው ማለት አይደለም። ከትርጉም ላይ የምትሠሩ ከሆነ ተርጓሚውም የራሱ መብት አለው። ስክሪፕቱም ያለቀ ይሁን። አለበለዚያ በሚቀጥለው ወር ለሚሰረዝ ገጸ ባሕርይ ሰው ታስፈርማላችሁ።

2. መጽሐፉንና ስክሪፕቱን ጎን ለጎን አንብቡ

ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አንድ ገጽ መድቡ። ምን ያደርጋል? ምን ይፈልጋል፣ ምንስ ይደብቃል? መልኩስ ምን ይመስላል? የመጨረሻው ላይ ስትደርሱ እርሳስ አንሱና ከእያንዳንዱ መግለጫ ጎን ይህን ጠይቁ፦ ይሄ ቢቀር ታሪኩ ይፈርሳል?

የሻርሎት ብሮንቴን ልብ ወለድ «ጄን ኤር»ን እንውሰድ። ጄን ትንሽዬ፣ መልኳም ይህ ነው የማይባል ሴት ናት። የምትወደው ሰው ሮቸስተርም መልከ መልካም አይደለም። ይሄ ለጌጥ የተጻፈ አይደለም፤ ፍቅራቸው የቆመው እሱ ላይ ነው። ሁለቱንም ከመጽሔት ሽፋን ላይ የወረዱ ቆንጆዎች ካደረጋችኋቸው ጄን ስለ ራሷ የምትናገረው ሁሉ ውሸት ይመስላል።

አሁን ደግሞ በአማርኛ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ የተተረጎመውን የማርጋሬት ሚቼል ልብ ወለድ ተመልከቱ። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ስካርሌት ቆንጆ እንዳልነበረች መጽሐፉ ገና በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1939 በወጣው ፊልም ላይ ስካርሌትን የሆነችው ግን ቪቪያን ሊ ናት፤ እሷን ደግሞ ቆንጆ አይደለችም የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። ፊልሙ በዚህ አልተጎዳም። የስካርሌት ነገር መልክ ሳይሆን እልህ ነዋ! የፈለገችውን ሳታገኝ እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። ያ እልህ በቪቪያን ሊ ዓይን ውስጥ ነበረ።

3. የዕድሜውን ነገር ቀድማችሁ ወስኑ

ልብ ወለድ አሥርና ሃያ ዓመት በአንድ ምዕራፍ ይዘላል። ፊልም ላይ ግን ፊት አለ። አንድ ሰው ልጅነቱንም ጉልምስናውንም ይጫወት? ወይስ ሁለት ተዋንያን ይካፈሉት? የአራት እህቶችን ታሪክ የሚተርከው ልብ ወለድ «ሊትል ዊሜን» ላይ ሁለቱም ተሞክሯል። በ1994ቱ ፊልም ትንሿን እህት ኤሚን በልጅነቷ ኪርስተን ደንስት፣ ካደገች በኋላ ሳማንታ ማቲስ ተጫወቱ። በ2019ኙ ፍሎረንስ ፒዩ ብቻዋን ተወጣችው።

እኔ ብጠየቅ፣ ታሪኩ ወደኋላና ወደፊት የሚመላለስ ከሆነ አንድ ሰው ይሻላል። በቅደም ተከተል የሚሄድ ከሆነና ልጅነቱ ረጅም ከሆነ ሁለት አድርጉት። ሁለት ስታደርጉ አፍንጫና ቅንድብ ለማመሳሰል አትጨነቁ። ተመልካች የሚያምነው አካሄድን፣ የአንገት አያያዝን፣ የሳቅን ፍጥነት ነው። ሁለቱን አንድ ቀን አብረው አውሏቸውና አንዳቸው የሌላውን የእጅ ልማድ ይውሰዱ።

4. የተዋናይ ጥሪውን በራሳችሁ ቃል ጻፉ

የመጽሐፉን መግለጫ እንዳለ አትገልብጡ። «ረጅም፣ ዓይኗ አረንጓዴ፣ ጸጉሯ እስከ ወገቧ» ብላችሁ ከለጠፋችሁ የሚመጣላችሁ ጸጉር ነው። ይልቅ እንዲህ ይባል፦ «ከ25 እስከ 35 ዓመት ልትመስል የምትችል። ቤተሰቧን ከዕዳ ለማውጣት የማትወደውን ሰው ልታገባ የቆረጠች። ሲከፋት የምትቀልድ።» ይህን ያነበበች ጎበዝ ተዋናይ ገና ቤቷ ሳለች ሥራዋን ትጀምራለች።

የቀረጻውን ጊዜ፣ ክፍያ መኖር አለመኖሩን፣ ፈረስ መጋለብ ወይም መዝፈን ያስፈልግ እንደሆነ፣ የመኝታ ትዕይንት ካለም በግልጽ ጻፉ። በኋላ ከመጨቃጨቅ ያድናል።

5. ኦዲሽኑ (የተዋናይ ፈተናው) ላይ ዝምታውን ፈትኑ

ከሁሉም የበለጠ ጊዜ የሚገባው ይሄ ነው። ልብ ወለድ ገጸ ባሕርይው የሚያስበውን ሦስት ገጽ ሙሉ ይነግረናል። ስክሪፕቱ ላይ ያ ሁሉ «ቀና ብላ ታየዋለች» የሚል አንድ መስመር ሆኖ ይቀራል። የጠፋውን ሦስት ገጽ የሚሸከመው ተዋናዩ ነው። ቃለ ምልልስ ብቻ አስነብባችሁ ከመረጣችሁ ይህን መቻሉን ሳታውቁ ታስፈርሙታላችሁ።

ስለዚህ ሁለት ትዕይንት አዘጋጁ፤ አንድ ንግግር የበዛበት፣ አንድ ምንም የማይባልበት። ለሁለተኛው እንዲህ ያለ ነገር ይሆናል። ተዋናዩ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ደብዳቤ ስጡት፤ ባዶ ወረቀት ሳይሆን የምር የተጻፈበት። ደብዳቤው ወንድሙ ከእንግዲህ እንደማይመለስ ይናገራል። አጠገቡ እናቱ ልብስ እያጣጠፈች «ምን ይላል?» ትለዋለች። መልሱ «ደህና ነው» ብቻ ነው።

ደካማው ተዋናይ ሲያነብ ፊቱን ያጨማድዳል፣ በረጅሙ ይተነፍሳል፣ ጣራ ጣራ ያያል። ጎበዙ ምንም ያደረገ አይመስልም። ግን አንዷን መስመር ተመልሶ ሲያነባት ትይዙታላችሁ። ወረቀቱን ሲመልስ በነበረበት እጥፋት ማጠፍ ያቅተዋል። «ደህና ነው» ሲል ትንሽ ይፈጥናል።

ከዚያ አንድ ማስተካከያ ብቻ ስጡትና ድገሙት። «አሁን ደግሞ ደብዳቤውን ሳትከፍተው ጠርጥረሃል» በሉት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው መሻሉን አትዩ፤ መለየቱን እዩ። ሁለቴ አንድ ዓይነት ነገር የሚያመጣ ሰው ቤቱ ያጠናውን ነው ያመጣላችሁ። ሰባት ሳምንት ቀረጻ ላይ ከእሱ ጋር ትቸገራላችሁ።

ካሜራውን በተዋናዩ ዓይን ቁመት ትከሉት። አብሮት የሚያነበው ሰው ከሌንሱ ጎን ይቀመጥ፤ ሁለቱም ዓይኖቹ እንዲታዩ። መጀመሪያ ከወገብ በላይ፣ ቀጥሎ ፊቱን ብቻ ቅረጹ። በማግስቱ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት። ከዚያ ደግሞ ሥዕሉን ሸፍናችሁ ድምፁን ብቻ ስሙ። ክፍሉ ውስጥ ያስደነቃችሁ ሰው ስክሪን ላይ ጠፍቶ ይገኛል፤ ተቃራኒውም አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመጽሐፉ ዝነኛውን ትዕይንት ለኦዲሽን አትስጡ። ሁሉም ሰው የሆነ ቦታ የሰማውን አነባበብ ይዞ ይመጣል። አንባቢ የማያስታውሰውን ተራ ትዕይንት ስጡ። ንግግሩ የድሮ ቋንቋ ከሆነ ግን እንዳለ ይነበብ። ለአንዳንዱ ያ ቋንቋ አፉ ላይ የተኛ ነው፤ ሌላው መድረክ ላይ የቆመ ሰባኪ ይሆናል።

6. ነጠላ ሳይሆን ጥንድ ምረጡ

ከመጀመሪያው ዙር ያለፉትን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ መልሳችሁ ጥሩ። መሪ ሚናውን ይይዛል ያላችሁትን ሰው መሐል አድርጉና ሌሎቹን በየተራ ከእሱ ጋር ሞክሩ። ሰውየው ሲናገር ሳይሆን ሲያዳምጥ ተመልከቱት። ማን ሲያናግረው ነው የተዘጋጀበትን ረስቶ የምር የሚመልሰው? ብቻውን አንደኛ የወጣው ከጥንድ ጋር አራተኛ ሊሆን ይችላል። ያኔ አትከራከሩ፤ ጥንዱን ውሰዱ።

7. ልጆችና ትንንሽ ሚናዎች

ለልጅ ጽሑፍ አታሸምድዱት። ጨዋታ ስጡት፤ ወይም አንድ ነገር እንዲደብቅባችሁ ንገሩት። ወላጅ ወይም አሳዳጊ እዚያው ይሁን። ልምድ የግድ አይደለም። የሃርፐር ሊ ልብ ወለድ «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» በ1962 ፊልም ሲሆን ትንሿን ልጅ ስካውትን የተጫወተችው ሜሪ ባድሃም ከዚያ በፊት ፊልም ሠርታ አታውቅም ነበር። ለኦስካር ስትታጭ 10 ዓመቷ ነው።

ለትንንሾቹ ሚናዎች ደግሞ የሁሉንም ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። አንባቢ ሰውን በስም ይለያል፤ ተመልካች ግን በፊትና በድምፅ ነው። ሁለት ጢማም ጎልማሶች አንድ ዓይነት ኮት ለብሰው ከቆሙ፣ የትኛው አጎት የትኛው ጠበቃ እንደሆነ ሲጠያየቅ ታሪኩ ያልፈዋል። አንዱን ቀይሩ።

8. ዝነኛ ሰው ይግባ ሲባል

ፕሮዲዩሰሩ ይህን ማለቱ አይቀርም፤ ምክንያትም አለው። ዝነኛ ስም ገንዘብ ያመጣል። ግን የድሮ ሚናዎቹንም አስከትሎ ይመጣል። ሁልጊዜ በኮሜዲ የሚታወቅ ሰው ዳኛ ሆኖ ሲገባ ሰው መሳቅ ይጀምራል። እንግዲህ ድርድሩ እዚህ ላይ ነው፦ ዝነኛውን አጭር ግን ጉልህ ሚና ላይ አስገቡት፣ መሪውን ብዙም ያልታወቀ ሰው ይያዘው። አንባቢ አዲስ ፊትን ቶሎ በገጸ ባሕርይው ስም መጥራት ይጀምራል።

9. ከፊርማ በፊት አንድ ቀን አብራችሁ አንብቡ

የመረጣችኋቸውን ሁሉ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስባችሁ ስክሪፕቱን ከዳር እስከ ዳር አስነብቡ። ለቀኑ ክፈሏቸው። ማን ከማን ጋር እንደተመሳሰለ፣ የትኛው ድምፅ ሌላውን እንደዋጠ ያኔ ይሰማል። አሁንም መቀየር ይቻላል፤ ቀረጻ ከተጀመረ በኋላ ግን ወጪው ሌላ ነው። የስካርሌት ፍለጋ ከሁለት ዓመት በላይ ወስዶ፣ በዲሴምበር 1938 የአትላንታ ከተማ የምትቃጠልበት ትዕይንት ሲቀረጽ መሪዋ ተዋናይ ገና አልፈረመችም ነበር። በሷ ቦታ ሌላ ሰው ከሩቅ ተቀረጸ። ፕሮዲዩሰሩ ዴቪድ ሴልዝኒክ ግን የራሱ ስቱዲዮ የነበረው ሰው ነው፤ እናንተ አትሞክሩት።

ያልተመረጡትን ሳትቆዩ ደውላችሁ አመስግኑ። ሁለተኛ የወጣውን ግን መሪው ውሉን እስኪፈርም ድረስ አታሰናብቱት። ተጠባባቂ መሆኑንም ፊት ለፊት ንገሩት፤ ይጠብቅ አይጠብቅ ራሱ ይወስናል።