የበሽታን ምስጢር በሴል ውስጥ ስትፈልጉ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማስተርሴን ስሠራ የአራት ወር ልፋቴ በአንድ ከሰዓት ገደል ገባ። የካንሰር ሴሎች ላይ አንድ ውህድ እሞክር ነበር። ውህዱን ሲያገኙ እድገታቸው ይቀንሳል። ግራፉ በጣም ያምር ነበር። ላብ ውስጥ ላገኘሁት ሰው ሁሉ አሳየሁ። አንዲት የፒኤችዲ ተማሪ አየችውና «ማይኮፕላዝማ መርምረሻል?» አለችኝ። ማይኮፕላዝማ ላብ ውስጥ የሚያድጉ ሴሎችን የሚበክል በጣም ትንሽ ባክቴሪያ ነው። አልመረመርኩም። ዲኤንኤን አባዝቶ በሚያሳየው በፒሲአር ስናየው ፍላስኮቼ፣ ማለትም ሴሎቹን የማሳድግባቸው ጠርሙሶች፣ በሙሉ ተበክለዋል።

ያን ቀን አልቅሻለሁ። ይህን የምጽፈው የሰው በሽታ ሴል ውስጥ እንዴት እንደሚጀምር ለማጥናት አሁን ላብ የምትገቡ የማስተርስና የፒኤችዲ ተማሪዎች እንደኔ እንዳታለቅሱ ነው።

ማይኮፕላዝማን በዓይን መፈለግ

ሌላ ባክቴሪያ ሲገባ ሚዲያው፣ ማለትም ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ፣ ይደፈርሳል፣ ቀለሙም ይቀየራል። ማይኮፕላዝማ ግን በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ በሚሊዮን ተቆጥሮ እንኳ ሚዲያው ጥርት እንዳለ ይቆያል። በተራ ማይክሮስኮፕም አይታይም። ብዙዎቻችን ፔኒሲሊን ጨምረናል ብለን ልባችን ያርፋል። ፔኒሲሊን የሚሠራው ባክቴሪያ ግድግዳውን እንዳይገነባ በማድረግ ነው። ማይኮፕላዝማ ደግሞ ከመጀመሪያውም ግድግዳ የለውም። በዚያ ላይ ትንሽ ስለሆነ 0.2 ማይክሮን ፊልተር ሊያመልጥ ይችላል።

ገብቶም ዝም ብሎ አይቀመጥም። የሴሉን ምግብ ይሻማል። የጂኖቹን አሠራር ይቀይራል። እናንተ የበሽታው ምልክት ነው ያላችሁት ነገር የእሱ ሥራ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሌላ ላብ የመጣ ሴል ለብቻው ይቆይ፤ ሳይመረመር ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀል። ከዚያ በኋላም በየወሩ መርምሩ። ከጎረቤት ሚዲያ መዋስም ይቅር። ብክለት እንዲህ ነው የሚዛመተው።

የሴሉን ስም ማመን

እ.ኤ.አ. በ1951 ባልቲሞር በሚገኘው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ከሄንሪታ ላክስ የማህፀን በር ካንሰር ላይ ሴሎች ተወሰዱ። ፈቃዷ አልተጠየቀም። ሂላ የተባሉት እነዚህ ሴሎች እጅግ ፈጥነው ይራባሉ። ሌላ ዕቃ ውስጥ ጠብታ ከገባች ባለቤቶቹን አጥፍተው ቦታውን ይይዛሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 ስታንሊ ጋርትለር የተለያየ ስም ያላቸው 18 የሴል ዓይነቶች የሂላን የጂ6ፒዲ ኤንዛይም ዓይነት ይዘው እንደሚገኙ አሳየ። ባለሙያው ሁሉ ደነገጠ። ስህተቱ ግን አልቆመም። ኤምዲኤ-ኤምቢ-435 የሚባለው ሴል ለዓመታት የጡት ካንሰር ተብሎ ተጠና። በዘረመሉ ሲጣራ የሜላኖማ፣ ማለትም የቆዳ ካንሰር ሴል ሆኖ ተገኘ። በእሱ ላይ ስለ ጡት ካንሰር የተጻፈውን አስቡት።

መድኃኒቱ ኤስቲአር የሚባለው፣ የሴሉን ማንነት የሚለይ የዲኤንኤ ምርመራ ነው። ሥራ ስትጀምሩ አንድ ጊዜ፣ ጽሑፉን ለጆርናል ከመላካችሁ በፊት አንድ ጊዜ አስደርጉት።

ሦስት ዌልን ሦስት ሙከራ ማለት

ከሁሉ በላይ የማየው ስህተት ይህ ነው። ተማሪው በአንድ ቀን፣ በአንድ ፕሌት፣ ከአንድ ፍላስክ የመጡ ሴሎችን ሦስት ዌል (የፕሌቱ ትንንሽ ጉድጓዶች) ውስጥ ይከታል። ከዚያ «ኤን እኩል 3»፣ ማለትም ሦስት ነጻ ሙከራ ሠርቻለሁ፣ ብሎ ይጽፋል። ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ መሆን አለመሆኑን ለመገመት የሚረዳው ፒ ቫልዩም ያስደስታል። ግን አንድን ሰው ሦስት ጊዜ ብትጠይቁት ሦስት ምስክር አይሆንም። ሦስቱ ዌሎች የሚነግሯችሁ ፒፔት አያያዛችሁ ጥሩ መሆኑን ብቻ ነው። ሙከራው ሌላ ቀን፣ በሌላ ፍላስክ፣ በአዲስ ከተዘጋጀ መድኃኒት ጋር መደገም አለበት።

የታካሚ ናሙናም እንዲሁ ነው። ከአንድ ሰው 200 ሴል ብትቆጥሩ ያላችሁ አንድ ሰው ነው። የአንድ እናት ግልገል አይጦችም እንደ ሙሉ ነጻ ናሙና መቆጠር የለባቸውም። ይህን ሥራው ካለቀ በኋላ ለስታቲስቲክስ ባለሙያ ይዞ መሄድ አያድነውም። ከመጀመራችሁ በፊት ሂዱ።

ቦታው ላይ የተገኘውን ጥፋተኛ ማድረግ

የታመመ ቲሹ ውስጥ አንድ ፕሮቲን ጨምሮ ታገኛላችሁ። ወዲያው «በሽታውን የሚያመጣው እሱ ነው» ማለት ያምራል። ግን ሰውነት ጉዳቱን ለመጠገን የጠራው ቢሆንስ?

የጨጓራ ቁስለትን ተመልከቱ። ለዘመናት የሚወቀሱት ጭንቀትና አሲድ ነበሩ። ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል በታማሚዎች ጨጓራ ውስጥ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪን አዩ። ባክቴሪያው የተጎዳ ቦታ አግኝቶ ነው የሰፈረው ቢባል መልሱ ምን ይሆናል? ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጣና ጨጓራው ተቆጣ። በአንቲባዮቲክ ሲጠፋ ደግሞ ቁስለቱ መመለሱን እንደሚያቆም ታየ። እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። እናንተ ምንም እንድትጠጡ አልልም፤ ጥያቄውን ግን ተዋሱ። ስታስወግዱት ችግሩ ይጠፋል? ስትመልሱትስ ተመልሶ ይመጣል? ጂኑን ዲኤንኤ በሚቆርጠው በክሪስፐር ካጠፋችሁ መልሳችሁ አስገቡትና ሴሉ ወደ ነበረበት መመለሱን አሳዩ። ይህ ሁለተኛው እርምጃ አድካሚ ስለሆነ ብዙ ሰው ይዘለዋል።

አንቲቦዲን በወረቀቱ ማመን

አንቲቦዲ የምንፈልገውን ፕሮቲን ለይቶ እንዲይዝልን የምንጠቀምበት ነው። ዕቃው ላይ የተጻፈው ስም ግን ማረጋገጫ አይደለም። ፕሮቲኑ የሌለበት ሴል ላይ ሞክሩት። እዚያም ፕሮቲኑ አለ የሚል መስመር ካወጣ የያዘው ሌላ ነገር ነው።

እንስሳው ደህና ከሆነ ሰውም ደህና ነው ማለት

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2006 ለንደን ውስጥ ስድስት ጤነኛ ፈቃደኞች ቲጂኤን1412 የተባለ አንቲቦዲ ተወጉ። የተወጉት መጠን ጦጣዎች ላይ ምንም ካላመጣው መጠን 500 ጊዜ ያነሰ ነበር። በሰዓታት ውስጥ ስድስቱም በጽኑ ታመሙ፤ ሕይወታቸው ግን ተረፈ። በኋላ እንደታየው አንቲቦዲው የሚይዘው ሲዲ28 የተባለ ፕሮቲን በጦጣዎቹ አንድ ዓይነት ቲ ሴል (በሽታ የሚከላከል ነጭ የደም ሴል) ላይ አይገኝም። በሰው ላይ ግን አለ። ልዩነቱ አንድ ፕሮቲን፣ አንድ የሴል ዓይነት ላይ ነው።

መጽሐፉ ጨርሶታል ብሎ መተው

ይህኛው እኛን በቀጥታ ይመለከታል። ቀይ የደም ሴሉ ላይ ዳፊ የሚባለው ፕሮቲን የሌለው ሰው የቫይቫክስ ወባ አይዘውም ተብለን ነው የተማርነው። ምክንያትም ነበረው። ተውሳኩ ሴሉ ውስጥ ሲገባ ዳፊን ይጨብጣል። ብዙ አፍሪካውያን ላይ ደግሞ የጂኑ መክፈቻ ላይ አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ተቀይራለች። ጋታ-1 የተባለው ፕሮቲን እዚያ መቀመጥ ስለማይችል ዳፊ ቀይ የደም ሴል ላይ አይወጣም። ንጹሕ ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2010 ከማዳጋስካር በወጣ ጥናት፣ ከዚያም እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ዳፊ የሌላቸው ሰዎች በቫይቫክስ ታመው ተገኙ። ተውሳኩ በየት በኩል እንደሚገባ አሁንም እየተጠና ነው። እኛ አገር ቫይቫክስም አለ፣ ዳፊ ያለውም የሌለውም ሰው ጎን ለጎን ይኖራል። ጥያቄው ደጃችን ላይ ነው። ርዕስ የምትፈልጉ ልጆች፣ እባካችሁ እንዲህ ያለውን አትለፉት።

«ማታ እጽፈዋለሁ» ማለት

ማታ አይጻፍም። የሴሉን ፓሴጅ ቁጥር (ስንት ጊዜ ወደ አዲስ ዕቃ እንደተዛወረ)፣ የሪኤጀንቱን (የምትጠቀሙበትን ኬሚካል) ሎት ቁጥር፣ መብራት የጠፋበትን ሰዓት እዚያው ቆማችሁ ጻፉ። እኔ ይህን አደርግ የነበረው አማካሪዬ በየዓርቡ ማስታወሻዬን ስለሚያይ ብቻ ነው። ያዳነኝም ያ ማስታወሻ ነው። የትኛው ፍላስክ ከየትኛው ቫያል (የበረዱ ሴሎች የሚቀመጡበት ትንሽ ብልቃጥ) እንደተነሳ ተጽፎ ስለነበር ወደ ኋላ መመለስ ቻልን። ናይትሮጅን ታንክ ውስጥ የነበረ አንድ ቀደምት ቫያል ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ከእሱ እንደገና ጀመርኩ። ውህዱ አሁንም እድገታቸውን ቀነሰ። ግን በፊት ካየሁት ግማሹን ያህል ብቻ። ቴሲሴ ላይ የገባው ያ ትንሹ ቁጥር ነው።