ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ፊገር ስኬቲንግ ውድድር እንዴት እንደተመለስኩ

ቦርሳውን ስከፍት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የታፈነ ላብና የአሮጌ ቆዳ ሽታ። የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዎቼን አራት ዓመት ሙሉ ዞር ብዬ አላየኋቸውም ነበር። የፕላስቲክ መሸፈኛው ከስራቸው ባለው ስለታም ብረት ላይ እንደተገጠመ ነው። ነቅዬ በአውራ ጣቴ ዳበስ ሳደርገው ቡናማ ዝገት ጣቴ ላይ ቀረ። የመጨረሻው ቀን ምን ያህል ተናድጄ እንደወጣሁ የገባኝ ያኔ ነው። ብረቱን እንኳ ሳልጠርግ ነው የወረወርኳቸው።

ፊገር ስኬቲንግን፣ በሙዚቃ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ የሚዘሉበትንና የሚሽከረከሩበትን ስፖርት፣ ያቆምኩት እ.ኤ.አ. የ2018 የውድድር ዘመን ሲያልቅ ነው። 19 ዓመቴ ነበር። የእግሬ አጥንት በተደጋጋሚ ጫና ተሰንጥቆ ነበር፤ እሱ ሲድን ደግሞ ልቤ አልመለስ አለ። በ2022 መጨረሻ ስመለስ ግን ብዙ ነገር ቅደም ተከተሉን ገልብጬ ጀመርኩት። እናንተ እንዳትደግሙት ነው ይህን የምጽፈው።

ከጫማው ጀምሩ። የፕላስቲኩ መሸፈኛ ከበረዶው ውጪ ለመራመጃ እንጂ ለማስቀመጫ አይደለም። እርጥበት ይዞ ይቀራል፤ ብረቱም ይዝጋል። ለማስቀመጥ ብረቱን አድርቆ የጨርቅ ማልበስ ነው። ላይ ላዩን የነካ ዝገት ሲሳል ይለቃል። ጠርዙን ከበላው ግን ብረቱ አለቀለት። ከዚያ የጫማውን ቁርጭምጭሚት ያዙና እጠፉት። እንደ አሮጌ ቀበቶ ያለ ምንም ግትርነት ከታጠፈ ዝላይ አይሸከምም። የእኔ ቀኙ ጫማ ታጠፈ፤ የማርፍበት እግር ደግሞ ቀኜ ነው። አዲስ ገዛሁ። አዲስ ጫማ እግር እስኪለምደው ሳምንታት ይፈጃል፣ ያቆስላል፣ ያስለቅሳል። ስለዚህ የምትቀይሩ ከሆነ መጀመሪያውኑ ቀይሩ። ውድድር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ጫማ የሚቀይር ሰው አይቻለሁ፤ አንጀቴን ነው የበላው።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ድኛለሁ ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ለመራመድ መዳንና በአንድ እግር ከዝላይ ለማረፍ መዳን ይለያያሉ። «ይህ እግሬ በቀን ሃያ ጊዜ ከዝላይ ባርፍበት ይችላል?» በሉ። እኔ እንደዚያ ስጠይቅ ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠችና ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች። ከዚያ በኋላ ነው የቁም ነገር ወሬ የጀመርነው።

አሰልጣኜ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። በሦስት ወር ለውድድር እደርሳለሁ ስላቸው አልሳቁም። «መጀመሪያ ቁሚ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት በሙሉ ግን ያደረግነው እሱን ነው፤ በአንድ እግር መቆም፣ መንሸራተት፣ ከብረቱ ውስጠኛ ጠርዝ ወደ ውጪኛው መገልበጥ። አንድም ዝላይ የለም። አጠገቤ ትንንሽ ልጆች አክስል የሚባለውን ዝላይ ሲዘሉ እኔ የቁጥር ስምንት ቅርጽ እሠራለሁ። ኩራት ያላችሁ ሰዎች ለዚች ሳምንት ኩራታችሁን ቤት ጥላችሁት ኑ።

ስለ ሽክርክሪት ማንም ያልነገረኝ ነገር አለ። ማዞሩ ይመለሳል። ለዓመታት ስንሽከረከር የኖርን ሰዎች አይዞረንም፤ ጭንቅላታችን ለምዶታል። ልምዱ ግን ሲተው ይጠፋል። የመጀመሪያ ቀን ቆሜ ስድስት ዙር ብቻ ተሽከረከርኩ። ስቆም እኔ ቆምኩ እንጂ አዳራሹ አልቆመም። የሜዳው ዳር ሰሌዳ፣ መብራቱ፣ የአሰልጣኜ ቀይ ኮፍያ፣ ሁሉም በግራዬ በኩል ይሮጣል። ዳሩን በሁለት እጄ ይዤ ዓይኔን አንድ ብሎን ላይ ተከልኩ። ምሳዬ ጉሮሮዬ ደረሰ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መሽከርከር፣ ከሆድ ሙላት በኋላ አለመሞከር፣ ስትጨርሱ አንድ ነገር ላይ ማፍጠጥ። እኔን በሦስት ሳምንት ገደማ ለቀቀኝ።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ እንምጣ። ዝላይ ከምታስቡት ቀድሞ ይመጣል። ሰውነት አይረሳም። በአራተኛው ሳምንት ባለ ሁለት ዙር ቶ ሉፕ የሚባለውን ዝላይ ሞከርኩ፤ ትናንት የዘለልኩት ይመስል ቁጭ አለ። በደስታ አበድኩ። በማግስቱ ምናልባት አርባ ጊዜ ዘለልኩ። በሦስተኛው ቀን ቁርጭምጭሚቴ ጫማ አላስገባ አለ። ሁለት ሳምንት ተቀመጥኩ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ጭንቅላት ዝላዩን ያስታውሳል፤ ጡንቻም ቶሎ ይጠነክራል። ጅማትና አጥንት ግን ዘገምተኛ ናቸው። ከዝላይ ስታርፉ ደግሞ አንድ እግር የሰውነታችሁን ክብደት ብዙ እጥፍ ነው የሚቀበለው። ስለዚህ የሚቆጠረው ስንት ዝላይ ተሳካ ሳይሆን ስንት ጊዜ አረፋችሁ ነው። ዙሩ ሳይሞላ አየር ላይ እጅና እግር የተከፈተበት ዝላይም ማረፊያ አለው። የወደቃችሁበትም ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ትንሽ ደብተር ኪሴ ገባች። በቀን ሃያ ማረፍ፣ አንድ ቀን እየዘለልኩ አንድ ቀን ሳልዘል። ሃያ የእኔ ቁጥር ነው፤ የእናንተን ከአሰልጣኛችሁና ከሐኪማችሁ ጋር ወስኑ። ደብተሯን ግን ያዙ፤ በቃል እቆጥራለሁ የሚል ሰው ራሱን ይሸውዳል። እኔ ሸውጃለሁ።

በዝላይ አልባዎቹ ቀናት ወለል ላይ ሥሩ። ገመድ ዝላይ፣ በአንድ እግር ቁጭ ብድግ፣ በስፖርት ጫማ ሆኖ አየር ላይ መዞር። ጥርሴን ስቦርሽ በቀኝ እግሬ ብቻ እቆማለሁ፤ ሲቀለኝ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ቤተሰብ ይስቃል፤ ይሳቅ።

መውደቅንም ተለማመዱ። የምሬን ነው። ለዓመታት ያልወደቀ ሰው መውደቅ ይፈራል፤ የፈራ ሰው ደግሞ አየር ላይ ይከፈታል። እኔ ለአንድ ሳምንት ልምምዴን የጀመርኩት ሆን ብዬ በመውደቅ ነው። በዳሌ ጎን መንሸራተት፣ እጅን ወደ ኋላ አለመትከል፣ ወዲያው መነሳት። ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ከሱሪ ስር ይለበሳል፤ አያሳፍርም።

ከሁሉ መጨረሻ የሚመጣው ትንፋሽ ነው። ያበላሸሁት ትልቁ ነገርም እሱ ነው። ዝላዮቼ ሁሉ እስኪመለሱ ድረስ ፕሮግራሙን፣ ማለትም በሙዚቃ የሚሠራውን የውድድር ትርኢት፣ በሙሉ አልሞከርኩትም ነበር። ውድድሩ ሰባት ሳምንት ሲቀረው ሙዚቃውን ከፍተን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልሠራው ወጣሁ። ከሁለቱ ፕሮግራሞች፣ ከአጭሩና ከረጅሙ፣ ረጅሙ አራት ደቂቃ ነው። የመጀመሪያው ደቂቃ ቆንጆ ነበር። በሁለተኛው ደቂቃ አፌ ደረቀ፣ ጭኔ እንደ ድንጋይ ከበደ። ሁለት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ላይ ለአክስል ስነሳ እግሬ አልነሳ አለ። ከሜዳው ዳር ተደግፌ ሙዚቃው ብቻውን ሲጨርስ አዳመጥኩት። በጣም ረጅም ሙዚቃ ነው።

እንደኔ አትሁኑ። ፕሮግራሙን ገና ከሁለተኛው ወር አካባቢ ጀምሩት፤ ዝላይ ሳይኖረው። ወደ ዝላዩ ግቡ፣ ሳትዘሉ ውጡ፣ ቀጥሉ። ሲለመድ ባለ አንድ ዙር ዝላይ አስገቡ። ከዚያ እውነተኛዎቹን በየተራ፤ በመጨረሻ ሁሉንም። አንድ ሕግ ብቻ ይኑራችሁ፤ ሙዚቃው እስኪያልቅ አይቆምም። ወደቃችሁ? ተነሱና ሙዚቃውን ካለበት ያዙት። ልምምድ ላይ በወደቁ ቁጥር ቆመው እንደገና የሚጀምሩ ሰዎች ውድድር ላይ ሲወድቁ ቀልባቸው ይገፈፋል። ከወደቁ በኋላ ያለውን ክፍል ተለማምደውት አያውቁማ።

ደንቡን ደግሞ እንደ አዲስ አንብቡ። እኔ ስሄድ ዳኞች ለእያንዳንዱ ዝላይና ሽክርክሪት ከ−3 እስከ +3 የጥራት ነጥብ ይሰጡ ነበር። ከ2018–19 ጀምሮ ከ−5 እስከ +5 ሆነ። አምስት የነበሩት የአቀራረብ መመዘኛዎች በ2022–23 ወደ ሦስት ወርደው ጠበቁኝ፤ ቅንብር፣ አቀራረብና የመንሸራተት ችሎታ። ይሄ ሦስተኛው ያቺ የቁጥር ስምንት ሳምንት ዋጋ የምታገኝበት ነው። በእኔ ጊዜ ደግሞ በፕሮግራሙ ሁለተኛ አጋማሽ የተዘለለ ሁሉ 10 በመቶ ጭማሪ ነበረው። አሁን በረጅሙ ፕሮግራም የመጨረሻዎቹ ሦስት፣ በአጭሩ የመጨረሻው አንድ ብቻ ነው የሚጨመርለት። የድሮ ፕሮግራሜ አምስት ዝላይ ኋላ ላይ የከመረ ነበር። ያንን ይዤ ብመለስ ኖሮ ሳንባዬን ለሁለት ዝላይ በነጻ ልሰጥ ነው።

ስሌቱም ተቀይሯል። ሉትዝ የሚባለው ዝላይ ባለ ሦስት ዙሩ መነሻው 5.9 ነጥብ ነው። ወድቃችሁበት ዳኞቹ −5 ቢሰጡ ግማሹ ይሄድና 2.95 ይቀራል። ለመውደቁ ሌላ 1 ይቀነሳል፤ 1.95። ባለ ሁለት ዙሩ ሉትዝ መነሻው 2.1 ነው። አሳምራችሁ አርፋችሁ +2 ብታገኙ 2.52 ይሆናል። ከዚያ ላይ የወደቀ ሰው ትንፋሹም ይሰበራል፣ ቀጣዩ ዝላይም ይበላሻል። ይህን በወረቀት ሠርቼ ካየሁ በኋላ ሉትዜን ባለ ሁለት አደረግኩት። ሁለት ቀን አኩርፌ ነበር። አሰልጣኜ ዝም አሉኝ፤ የሒሳብ ወረቀቷን ግን የጫማ ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጠውልኝ አገኘኋት።

በከፍተኛ ደረጃ የምትወዳደሩና ስታቆሙ በፀረ አበረታች ቅመሞች የምርመራ መዝገብ ውስጥ የነበራችሁ፣ ከመመለሳችሁ ስድስት ወር ቀደም ብላችሁ በጽሑፍ ማሳወቅና ለምርመራ ዝግጁ መሆን አለባችሁ። ይህን ረስቶ የውድድር ዘመኑን ያጣ ሰው ማንንም መውቀስ አይችልም።

ሰዎች የአሜሪካዊቷን ስኬተር የአሊሳ ሉን ታሪክ ይነግሯችኋል። በ16 ዓመቷ በ2022 አቆመች፣ በ2024 ተመለሰች፣ በመጋቢት 2025 ቦስተን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ደስ ይላል፤ ግን እሷን መለኪያ አድርጋችሁ አትጀምሩ። እኔ ይበልጥ የማስበው ጀርመናዊቷን ካታሪና ቪትን ነው። በ1984 ሳራዬቮ፣ በ1988 ካልጋሪ ኦሎምፒክ ያሸነፈች ሴት በ1994 ሊልሃመር ላይ ተመለሰችና 7ኛ ወጣች። ከእሷ የሚከብዱ ዝላዮች የሚዘሉ ልጆች እንዳሉ እያወቀች ነው የገባችው። ሳራዬቮ ያኔ በጦርነት ተከባ ነበር፤ ፕሮግራሟንም ለዚያች ከተማ ነው ያደረገችው። ለምን እንደምትመለስ የምታውቅ ሰው ናት። እናንተም ሙዚቃ ስትመርጡ የድሮውን አታውጡ። የድሮ ሙዚቃ ሲከፈት እግራችሁ የድሮውን ዝላይ ይፈልጋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ ውድድር ምረጡ፤ ብትበላሹ የማይጎዳችሁ። ብረቱን ከሳምንት በፊት አስሉ እንጂ ዋዜማው ላይ አይሁን፤ አዲስ የተሳለ ብረት በረዶውን ይነክሳል፣ እግር ሊለምደው ይገባል። ከሌሎች ተወዳዳሪዎች ጋር አብራችሁ የምትሠሩትን የማሟሟቂያውን ስድስት ደቂቃ በልምምድ ላይ በሰዓት ሥሩት። እኔ ሜዳው ላይ ብቻዬን ያለሁ ይመስል አምስት ሰው በፍጥነት ሲያልፈኝ ደንግጬ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች መንገድ በመልቀቅ ጨረስኳቸው። ምን በምን ቅደም ተከተል እንደምትሞክሩ ቀድማችሁ ጻፉ። ሦስት ዝላይ፣ አንድ ሽክርክሪት፣ ውሃ፣ በቃ።

ዕጣው መጨረሻ ካደረጋችሁ ማሰሪያችሁን ፍቱና እግራችሁ ደም ይዙርበት። ተራችሁ ሲቃረብ እንደገና እሰሩ። የእኔ እጅ ሲንቀጠቀጥ ማሰሪያው ከመንጠቆው ሦስት ጊዜ አመለጠኝ። አሰልጣኜ ሊያስሩልኝ ጎንበስ ሲሉ «ኧረ ተዉ፣ እኔ አስረዋለሁ» አልኳቸው። «እሺ፣ እሰሪው» ብለው ቆመው ጠበቁኝ።

ከአሥራ አንድ ስምንተኛ ወጣሁ። አንድ ጊዜ ወደቅኩ፣ ሉትዟ አማረች፣ ሦስት ደቂቃ ከሠላሳ ላይ ገና ትንፋሽ ነበረኝ። የውጤት ወረቀቱን ያን ማታ አላየሁትም፤ እናንተም አትዩት። በማግስቱ ስከፍተው ባለ ሁለት ዙር አክስሌ አጠገብ የማላውቀው የ«ኪው» ምልክት ተቀምጧል። ዝላዩ ሩብ ዙር አጥሮታል ማለት ነው። እኔ በሄድኩበት ጊዜ የመጣ ምልክት ነው። ደብተሬን አውጥቼ ከሃያዎቹ ማረፊያዎች ስድስቱን ለአክስል መደብኩ።