መስመር ከማሳደጋችሁ በፊት፦ ከባድ የኦንላይን አገልግሎት የሚሸከም ኔትወርክ አዘገጃጀት

የቀጥታ ቪዲዮ ሲቆራረጥ፣ ጌም ሲጎተት፣ በቪዲዮ ስብሰባ መሀል ድምፅ ሲዋጥ ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ «መስመሩን እናሳድግ» ነው። አንዳንዴ ያዋጣል። ብዙ ጊዜ ግን ገንዘቡ ይወጣና ችግሩ እዚያው ይቀራል። መንቀራፈፍ ከሦስት ቦታ ይመጣል፦ ከወረፋ፣ ከርቀት እና ከአቅም ማነስ። የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሠራም፤ ስለዚህ ምንም ነገር ሳትገዙ የትኛው እንደሆነ ለዩ።

መለየት

ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙ፤ በዋይፋይ የተለካ ቁጥር የዋይፋዩን ጠባይ ስለሚቀላቅል አያስተማምንም። መስመሩን ማንም በማይጠቀምበት ሰዓት አገልግሎቱ ወዳለበት ሰርቨር ለሁለት ደቂቃ ፒንግ (ትንሽ መልእክት ልኮ መልሱ እስኪመጣ የሚፈጀውን ጊዜ የሚለካ ትእዛዝ) አድርጉና አማካዩን መዝግቡ። ፒንጉን ሳታቋርጡ ትልቅ ፋይል አፕሎድ ማድረግ ጀምሩ፤ ከዚያ በዳውንሎድ ድገሙት። 20 ሚሊሰከንድ የነበረው ወደ 400 ከዘለለ በሽታው ወረፋ ነው። መስመሩ ባዶ ሆኖም 180 ካሳየ ርቀት ወይም ጠማማ መንገድ ነው። ፒንጉ ሳይነቃነቅ ፍጥነቱ ብቻ ከአንድ ልክ አላልፍ ካለ ጉዳዩ የአቅም ነው።

ጠማማውን መንገድ ትሬስራውት፣ ማለትም እስከ ሰርቨሩ ድረስ ያሉትን ራውተሮች በተራ የሚዘረዝር ትእዛዝ፣ ያሳያል። እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት መሀል ላይ ያለ አንድ ራውተር 300 ሚሊሰከንድ ሲያሳይ እሱን መወንጀል ነው። ከሱ በኋላ ያሉት ዝቅ ያለ ቁጥር ካሳዩ ራውተሩ ጤነኛ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ መስጠትን ከሥራዎቹ ሁሉ መጨረሻ ስላደረገው ነው። ችግር የሚባለው ጭማሪው እስከ መድረሻው ሲዘልቅ ነው።

ወረፋ

የተለመደው ቲሲፒ (ዳታን በትናንሽ ጥቅሎች፣ በፓኬቶች፣ የሚያደርሰው ፕሮቶኮል) ፓኬት እስኪጠፋበት ድረስ ፍጥነቱን እየጨመረ ይሄዳል። ራውተሩ ትልቅ ባፈር (የፓኬት ማቆያ ቦታ) ካለው ግን ፓኬቱ ቶሎ አይጠፋም፤ ተሰልፎ ይቆያል። አስሉት፦ አፕሎዱ 10 ሜጋቢት በሰከንድ በሆነ መስመር ላይ 1 ሜጋባይት ባፈር ከሞላ፣ ለመፍሰስ 0.8 ሰከንድ ይፈጃል። መጨረሻ ላይ የተሰለፈው የድምፅ ፓኬት ያን ሁሉ ይጠብቃል። ለምቹ ንግግር የሚመከረው የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ ነው። ፎቶ ወደ ክላውድ የሚልክ አንድ ስልክ የቤቱን ሁሉ ስብሰባ የሚያበላሸው በዚህ ነው።

መፍትሔው ወረፋውን የሚያሳጥርና ለእያንዳንዱ ግንኙነት ተራ የሚያደላድል አሠራር ማብራት ነው፤ ኤፍኪው-ኮደል ወይም ኬክ። ኦፕን-ደብሊውአርቲ የተባለው የራውተር ሶፍትዌር በተጫነበት ራውተር ላይ ኤስኪውኤም በሚለው ስር ይገኛል። የፍጥነት ጣሪያውን በውል ላይ በተጻፈው ቁጥር አትሙሉት፤ በጭንቅ ሰዓት ከለካችሁት ከ85 እስከ 95 በመቶ ያህሉን ስጡት። ጣሪያው ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ ከሆነ ወረፋው ከእናንተ ራውተር ወጥቶ በአቅራቢው ሞደም ውስጥ ይሠራል፤ እዚያ ደግሞ ማዘዝ አትችሉም። ሌላው ወጥመድ የራውተሩ ፕሮሰሰር ነው። ይህ አሠራር የሃርድዌሩን አቋራጭ ስለሚያስቀር፣ በመቶዎች ሜጋቢት ሲደርስ ደካማ ራውተር ይታነቃል። ፍጥነቱ ካስቀመጣችሁት ጣሪያ በጣም ከወረደ መጀመሪያ የፕሮሰሰሩን ጭነት ተመልከቱ።

ርቀት

እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የአትላንቲክ ፋይበር ኬብል ታት-8 የሚሸከመው 280 ሜጋቢት በሰከንድ ነበር። በ2017 ተዘርግቶ ያለቀው ማሪያ የተባለው ኬብል ለ160 ቴራቢት በሰከንድ ታስቦ ተሠርቷል። አቅሙ በመቶ ሺዎች እጥፍ አድጎ ሳለ የጉዞው ጊዜ ግን ያን ያህል አልተለወጠም፤ ብርሃን በፋይበር ውስጥ ያኔም አሁንም በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። እያንዳንዱ 1,000 ኪሎ ሜትር ለደርሶ መልስ 10 ሚሊሰከንድ ያስከፍላል። ይህን በገንዘብ ማሳጠር አይቻልም፤ የሚቻለው ምልልሱን መቀነስና ይዘቱን ማቅረብ ነው።

ከምልልሱ እንጀምር። ደርሶ መልሱ 150 ሚሊሰከንድ ነው እንበል። በቲሲፒ እና ግንኙነቱን በሚመሰጥረው ቲኤልኤስ 1.2 የመጀመሪያው መልስ እስኪመጣ አራት ደርሶ መልስ ያስፈልጋል፤ 600 ሚሊሰከንድ። ቲኤልኤስ 1.3 ወደ 450 ያወርደዋል። ክዊክ የተባለው ፕሮቶኮል፣ ማለትም ኤችቲቲፒ 3 የቆመበት፣ ወደ 300። የሰርቨሩ ሶፍትዌር ዘመናዊ ከሆነ ለውጡ ጥቂት የማዋቀሪያ መስመር ነው። ሁለት ነገር ግን አትርሱ። ክዊክ በቲሲፒ ፈንታ ዩዲፒ በተባለው ፕሮቶኮል፣ በፖርት 443፣ ስለሚሄድ ፋየርዎሉ (ትራፊኩን የሚያጣራው አጥር) ላይ ካልተከፈተ ብራውዘሩ ድምፁን አጥፍቶ ወደ ቲሲፒ ይመለሳል፤ እናንተም የለወጣችሁ ይመስላችኋል። ሁለተኛ፣ ለተመላሽ ጎብኚ ያለ ምንም ቅድመ ምልልስ ጥያቄ የሚያስተላልፈው ዜሮ-አርቲቲ ጥያቄው ተቀድቶ ዳግም እንዲላክ በር ይከፍታል፤ ክፍያና ትዕዛዝ በሚቀበል ገጽ ላይ አታብሩት።

ይዘቱን ማቅረብ ማለት ሲዲኤን መጠቀም ነው፤ ቅጂውን በተጠቃሚው አካባቢ ባሉ የጠርዝ ሰርቨሮች ላይ ማስቀመጥ። የቀጥታ ቪዲዮን እንውሰድ። 10,000 ተመልካች እያንዳንዱ 5 ሜጋቢት በሰከንድ ቢወስድ 50 ጊጋቢት ነው፤ ከአንድ ተራ ሰርቨር የሚወጣ አይደለም። 20 የጠርዝ ሰርቨሮች አንድ አንድ ቅጂ ብቻ ቢወስዱ ከዋናው ሰርቨር የሚወጣው 100 ሜጋቢት ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ጥያቄ ማጠፍ የሚባለው ከበራ ነው። የቀጥታ ቪዲዮ የሚላከው በጥቂት ሰከንድ ቁራጮች ተከፋፍሎ ነው፤ አዲስ ቁራጭ በወጣች ቅጽበት በሺዎች የሚቆጠሩ የቪዲዮ ማጫወቻዎች ባንድ ጊዜ ይጠይቃሉ፤ የጠርዝ ሰርቨሩ አንዱን ጥያቄ ብቻ ወደ ዋናው ልኮ ሌሎቹን እንዲያቆይ ካልታዘዘ ሁሉንም ያሳልፋቸዋል፤ ዋናው ሰርቨርም ይወድቃል።

የቁራጩ ርዝመትም ይታሰብበት። 6 ሰከንድ ከሆነና ማጫወቻው ሦስት ቁራጭ አጠራቅሞ ከጀመረ ተመልካቹ ከእውነታው ቢያንስ 18 ሰከንድ ወደኋላ ነው። ወደ 2 ሰከንድ ብታወርዱት 6 ይሆናል፤ የጥያቄው ብዛት ግን ሦስት እጥፍ ያድጋል። ቁራጩ በቁልፍ ፍሬም (ሙሉ ምስል በያዘ ፍሬም) መጀመር ስላለበት፣ በሰከንድ 30 ፍሬም ለሚቀረጽ ቪዲዮ ኢንኮደሩን (ቪዲዮውን የሚጨምቀውን) በየ60 ፍሬም፣ ማለትም በየ2 ሰከንዱ፣ ቁልፍ ፍሬም እንዲያወጣ እዘዙት። ካልገጠመ ቁራጮቹ ያልተስተካከለ ርዝመት ይኖራቸዋል፤ ጥራት ሲቀያየርም ምስሉ ይዘላል።

ካሹ (በጠርዝ ሰርቨሩ ላይ የሚቀመጠው ቅጂ) እየሠራ መሆኑን በእምነት አትተዉት። በአድራሻው ላይ ለእያንዳንዱ ጎብኚ የተለየ መለያ ከተለጠፈ፣ ወይም መልሱ ኩኪ ይዞ ከወጣ፣ ሲዲኤኑ ሁሉንም እንደ አዲስ ሊቆጥረው ይችላል። ስሙ ከይዘቱ ጋር ለሚለወጥ ፋይል የአንድ ዓመት ዕድሜ፣ 31,536,000 ሰከንድ፣ ስጡት፤ ለቀጥታ ቪዲዮ ዝርዝር ፋይል ግን 1 ወይም 2 ሰከንድ ይበቃል።

አቅም

እውነት አቅም የጎደለ ሲመስል እንኳ ጥፋቱ የቅንብር ሊሆን ይችላል። 100 ሜጋቢት መስመር በ100 ሚሊሰከንድ ደርሶ መልስ ላይ ሙሉ እንዲሆን 1.25 ሜጋባይት መልስ ሳይጠበቅ መንገድ ላይ መሆን አለበት። የቲሲፒ መስኮት (መልስ ሳይጠበቅ ሊላክ የሚችለው መጠን) በ64 ኪሎባይት ከታሰረ ግን አንድ ግንኙነት ከ5.2 ሜጋቢት አያልፍም፤ መስመሩን አሥር እጥፍ ብታሳድጉትም ያው ነው። የመስኮት ማስፊያው መብራቱን አረጋግጡ።

ሁለት መስመር አንዱ ለአንዱ መጠባበቂያ ከሆነ በጭንቅ ሰዓት እያንዳንዱ 50 በመቶ ሲደርስ አዲስ የማዘዣ ጊዜው ነው፤ ከዚያ ካለፈ አንዱ ሲቆረጥ ሌላው አይችልም። የአምስት ደቂቃ አማካይ ግራፍ አጭር ጭነትን ስለሚደብቅ የተጣለ ፓኬት ቆጣሪውንም አብራችሁ እዩ።

ፋይበር ላይ የብርሃን ሒሳብ ሥሩ። ባለ 10 ጊጋቢት፣ ባለ 10 ኪሎ ሜትር ሞጁል (ብርሃኑን የሚልክና የሚቀበል መሰኪያ) በዝቅተኛ ልኩ 6.2 ዲቢ (ዴሲቤል) ያህል የብርሃን ብክነት ይችላል። በኪሎ ሜትር 0.35 ዲቢ ሲሰላ 10 ኪሎ ሜትር 3.5፣ ሁለት ማገናኛ 1 ዲቢ ይወስዳል፤ ቀሪው 1.7 ነው። ያልተጠረገ የማገናኛ ጫፍ ይህን ብቻውን ሊበላው ስለሚችል ሳታጸዱ አትሰኩ። በተቃራኒው የረጅም ርቀት ሞጁልን በአጭር ፋይበር ላይ ያለ ማዳከሚያ ብትሰኩት ተቀባዩን ሊያቃጥል ይችላል።

በመጨረሻ፣ ከሦስቱም ውጪ የሆነ አንድ ብልሽት አለ፦ አዲስ ታነል (ፓኬትን በሌላ ፓኬት ጠቅልሎ የሚያሳልፍ ግንኙነት፣ እንደ ቪፒኤን) ከተዘረጋ በኋላ ፒንግ ይሠራል፣ ግንኙነቱም ይጀምራል፣ ትልቅ ገጽ ግን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ፓኬቱ ለመንገዱ ሰፍቶ፣ «ሰፋ» የሚለውን መልእክት ደግሞ ፋየርዎል ዘግቶት ነው። እንዳይከፋፈል በታዘዘ ፒንግ 1472 ባይት ላኩ፤ ከ28 ባይት ራስጌ ጋር 1500 ይሆናል። ካላለፈ እስኪያልፍ ቀንሱ፤ ባለፈው ላይ 28 ስትደምሩ የምታገኙትን በታነሉ ላይ እንደ ትልቁ የፓኬት ልክ (ኤምቲዩ) ሙሉት፣ የቲሲፒውን የክፍልፋይ ልክ (ኤምኤስኤስ) ደግሞ በአይፒ ስሪት 4 ከዚያ በ40 ባይት ዝቅ አድርጉት።