ቢጫ፣ ነጭ ወይስ ሮዝ? የወርቅ ቀለም ስትመርጡ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ወርቅ ስሠራ 22 ዓመቴ ነው። ጥምቀት አልፎ የጥር ሠርግ ሲጀምር ሱቁ በሙሽሮች ይሞላል። ድሮ ሰው ገና ሲገባ የሚጠይቀኝ ስንት ግራም እንደሆነ ነበር። አሁን ቀድሞ የሚነሳው ቀለሙ ነው። ቢጫ ይሁን? ነጭ ይሁን? ሮዝ ይሁን? ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱን ግን ብዙዎቹ ከስልካቸው ይዘውት ይመጣሉ፤ ከዓመት በኋላ ቅር ብሏቸው ይመለሳሉ። ባለፈው ሳምንት ያው ነገር ሲደገም ልጽፈው ቆረጥኩ።

ነጩ ወርቅ እስከ ውስጡ ነጭ ነው ብሎ ማመን

ያለፈው ሳምንት እንግዳዬ አንዲት መምህርት ናት። ከዓመት ከመንፈቅ በፊት የነጭ ወርቅ ቀለበት ገዝታለች፤ ከኔ አይደለም። እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። በመዳፏ በኩል ያለው ጎን ወደ ቢጫ ሄዷል። «ጋሼ፣ ተታልያለሁ መሰለኝ። ወርቅ አይደለም፣ አይደል?» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ፈተሽኩት። ትክክለኛ 18 ካራት ነው። ወርቁ ምንም አልጎደለውም። የጎደለው ሻጩ ሊነግራት ይገባ የነበረው ነገር ነው።

ወርቅ በተፈጥሮው ቢጫ ነው። የሚነጣው ኒኬል ወይም ፓላዲየም የሚባል ነጭ ብረት ሲቀየጥበት ነው። ያኔም ቢሆን ጥርት ብሎ አይነጣም፤ ትንሽ ቢጫነት ወይም ግራጫነት ይቀረዋል። ሱቅ ውስጥ ያያችሁት መስታወት የመሰለ ንጣት ከላይ የተቀባው ሮዲየም የሚባል ነጭ ብረት ነው። ቅቡ ብዙ ጊዜ ከአንድ ማይክሮን አያልፍም። አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው፤ ከጸጉራችሁ በብዙ እጥፍ ይቀጥናል። በየቀኑ የሚደረግ ቀለበት ላይ በአንድ በሁለት ዓመት ውስጥ ይሳሳል። ቀድሞ የሚለቀውም በመዳፍ በኩል ነው። የበር እጀታውን፣ የባጃጁን ብረት፣ የድስቱን ጆሮ የሚነካው እሱ ነዋ!

ይህ ጉድለት አይደለም። እንደገና ይቀባል፤ እንደ አዲስ ይሆናል። ይህን ሳይናገሩ ነጭ ወርቅ መሸጥ ግን ያናድደኛል። ስንት ወር ቆጥባ የገዛች ሴት ዓመት ሙሉ «አታለሉኝ» እያለች መብሰልሰል የለባትም። የሙያ ጓደኞቼ፣ እባካችሁ ንገሯቸው። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እናንተም ስትገዙ ጠይቁ። በምን ነው የተቀየጠው? ሮዲየም ተቀብቷል ወይ? ሲለቅ እናንተው ትቀቡልኛላችሁ ወይስ ሌላ ከተማ መላክ አለብኝ? በስንት? ሻጩ መልሱን ካላወቀ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ለሀብልና ለጉትቻ ነጭ ወርቅ ብትመርጡ አልቃወምም። ከነገር ጋር ብዙ ስለማይጋጩ ቅቡ ይቆይላቸዋል። ለየቀን ቀለበት ግን በየጊዜው ለማስቀባት ካላሰባችሁ ቢጫውን ወይም ሮዙን ውሰዱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ርካሽ ጉትቻ ጆሮሽን አሳክኮ ወይም አቁስሎ የሚያውቅ ከሆነ ምክንያቱ ኒኬል ሊሆን ይችላል። በኒኬል የተቀየጠ ነጭ ወርቅ አትግዢ፤ ፓላዲየም ጠይቂ። ዋጋው ይወደዳል፤ ከጆሮሽ ግን አይበልጥም።

ሮዙን «መዳብ ነው» ብሎ መናቅ

እናትና ልጅ ሆነው ነው የመጡት። ልጅቷ ሮዝ ቀለበት ወዳለች። እናትየው ቀለበቱን አገላብጠው አዩትና «ልጄ፣ መዳብ ለሠርጓ ታድርግ ትለኛለህ?» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም። ቀለሙ በእርግጥ ከመዳብ ነው የሚመጣው። እንዲህ ብዬ አስረዳኋቸው። «እናቴ፣ 18 ካራት ማለት ከ24 እጁ 18ቱ ወርቅ ነው ማለት ነው። ከ100 ግራም 75ቱ ወርቅ ነው። ቢጫውም፣ ነጩም፣ ሮዙም እኩል ናቸው። ልዩነቱ ቀሪዋ 25 ግራም ላይ ነው። ቢጫው ላይ ብርና መዳብ ተመጣጥነው ይገባሉ። ሮዙ ላይ መዳቡ ይበዛል።» ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ ቀለበቱን ራሳቸው የልጃቸው ጣት ላይ አጠለቁት።

የዚህ ተቃራኒም አለ። 24 ካራት ሮዝ አምጣልኝ የሚል ሰው ይመጣል። እንዲህ ያለ ነገር የለም። 24 ካራት ምንም ያልተቀየጠበት ነው፤ ያልተቀየጠ ወርቅ ደግሞ ቢጫ ብቻ ነው። 24 ካራት ነጭም ሆነ ሮዝ አለኝ ያላችሁን ሰው አትመኑ።

ሮዝ የሚለቅ ቅብ የለበትም፤ ቀለሙ የራሱ ነው። በመዳቡ ምክንያት ግን በዓመታት ውስጥ ትንሽ ይጠቁራል። በለስላሳ ጨርቅ ሲታሽ ይመለሳል።

ሮዝ የማያውቀው እጅ ሲነካው ግን ይጎዳል። ይህን የምለው ራሴ ስላደረስኩት ነው። ገና ሥራ ስለምድ የአንድ ደንበኛ የሮዝ ወርቅ ቃል ኪዳን ቀለበት እንዳሰፋ ተሰጠኝ። ከእሳት አወጣሁና እንደ ቢጫው በራሱ ጊዜ ይቀዝቅዝ ብዬ ተውኩት። በኋላ ሳጎብጠው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። 18 ካራት ሮዝ ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ወርቁና መዳቡ ውስጥ ለውስጥ በሌላ አኳኋን ይደረደራሉ፤ ይደድራል፤ ለመሰበርም ይቀርባል። ቶሎ ብሎ ውሃ ውስጥ መግባት ነበረበት። ሙያ ያስተማሩኝ ሰው አልተቆጡኝም። አዲስ ሠርተን ሰጠናት፤ ወጪውን ከደሞዜ ከፈልኩ። ያን ድምፅ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሮዝ ቀለበት ማስጠበብ ወይም ማስፋት ስትፈልጉ ሠሪውን «ከዚህ በፊት ሮዝ ሠርተሃል?» በሉት። የሚበየድበትም ተመሳሳይ ቀለም ባለው መበየጃ ይሁን፤ አለዚያ መስመሩ ጣታችሁ ላይ ይታያል።

በሱቅ መብራት መወሰን

የሁላችንም ሱቅ መብራት ወርቁን ለማሳመር የተሰቀለ ነው። ነጭ መብራት ነጩን ያደምቃል፤ ሞቅ ያለው መብራት ቢጫውን ያጋንናል። ቀለበቱን አጥልቃችሁ በሩ ላይ ውጡና ጥላ ውስጥ ሆናችሁ እዩት። እኛ ሰው ልከን አብረን እንቆማለን፤ እምቢ የሚል ሱቅ ያጋጠማችሁ እንደሆነ ተዉት። የስልክ ፎቶማ ጭራሽ አይሆንም። በፊልተር የተነሳ ሮዝ ከእውነተኛው በጣም ይቀላል። በጣና ዳር ጀምበር ስትጠልቅ የተነሳማ ነጩም ሮዝ ይመስላል!

ስለ ቆዳ ቀለም ብዙ ሕግ ትሰማላችሁ። ጠይም እጅ ላይ ቢጫው ያበራል፤ ነጩ ከሩቅ ይለያል፤ ሮዙ ከቆዳው ጋር ተስማምቶ ዝም ይላል። ዝምታውን የሚወዱ አሉ። ሦስቱንም አጥልቁና እጃችሁን እዩ።

ለሐበሻ ቀሚስ የምትመርጡ ደግሞ የጥበቡን ክር ቁራጭ ይዛችሁ ኑ። ወርቃማ ክር ከነጭ ወርቅ ሀብል ጋር ሲጋጭ ብዙ ሠርግ ላይ አይቻለሁ።

ደማቁን ቢጫ ለቀጭን ቀለበት

21 ካራት 87.5 በመቶው ወርቅ ስለሆነ ከ18ቱ የበለጠ ደማቅ ነው። ያምራል። ግን ለስላሳ ነው። ለወፍራም አምባር ይሁን፤ ቀጭን ሆኖ ድንጋይ ለሚሸከም ቀለበት አይሁን። ከደረቅ ነጭ ወርቅ ጋር አንድ ጣት ላይ ከደረደራችሁት ደግሞ ነጩ ቢጫውን ቀስ በቀስ ይፍቀዋል።

በበረኪና ማጠብ

አታድርጉት። በረኪናው ውስጥ ያለው ክሎሪን ቅይጡን ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል፤ በኒኬል የተቀየጠው ነጭ ወርቅ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ድንጋይ የሚይዙት ቀጫጭን ጥፍሮች ሳይታሰብ ይሰበራሉ። የገዛ እህቴ ልብስ ስትዘፈዝፍ ቀለበቷን አላወለቀችም፤ ድንጋዩ የት እንደወደቀ እስካሁን አልተገኘም። ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል።

ነጭ የሆነውን ሁሉ ነጭ ወርቅ ማለት

ከአያት የወረሱትን ነጭ ቀለበት ወይም የአንገት መስቀል «ነጭ ወርቅ» ብለው ያመጡልኛል። በአብዛኛው ብር ነው። ድሮ አንጥረኞቻችን ማርትሬዛ ብር እያቀለጡ ነበር የሚሠሩት። አታስቀልጡት፤ እንዲህ ያለ እጅ አሁን አይገኝም። አዲስ ጌጥ ላይ ማህተሙን እዩ፤ 750 ካለው 18 ካራት ወርቅ ነው፤ 925 ካለው ብር ነው።

ቀለሙ ሲሸጥ ያወጣል ብሎ መግዛት

አያወጣም። መልሳችሁ ስትሸጡ የሚታየው ግራሙና ካራቱ ነው። የሮዲየሙ ቅብም የእጅ ዋጋውም አይመለስም። ደረሰኙ ላይ ግራሙ፣ ካራቱና የተቀየጠበት ነገር ይጻፍላችሁ።

መምህርቷ ሮዲየሙን እንደገና ልቀባላት ስል አሰበችና «ይልቅ የቀረውን አንሳልኝ፤ የራሱን ቀለም ልየው» አለችኝ። አንስቼ ወለወልኩት። የገብስ እሸት የመሰለ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ወጣው። ጣቷ ላይ አጥልቃ በሩ ላይ ወጣችና ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ አድርጋው ሄደች።